በባለቤቱ ውስጥ ያለ

ፕሬዝዳንቱ ጤናን ለክልሎች ባስረከቡበት ጠዋት ኢዮስያስ የርእሰ መምህሩን ግራ ጉንጭ ላጭቶ ወደ ቀኙ እየዞረ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ጤና ወደ ባለቤቱ ተመልሷል» አሉ ፕሬዝዳንቱ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ የነበሩት አራት ሰዎች አጨበጨቡ። ኢዮስያስም ምላጩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በቀኙ ጭኑን መታ መታ አደረገ። ጊዜው ጥቅምት 2113 ዓ.ም. ነው፤ ርክክቡ ዘጠነኛው ነው። ፕሬዝዳንቱ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ አንድ ነገር ከማዕከሉ እጅ አውጥተው ለሠላሳ አንዱ ክልሎች ይሰጣሉ፤ በየዓመቱም ዋናው ከተማ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ መብራት ይጠፋል። መንገድ ሄዷል። ውኃ ሄዷል። ትምህርት፣ ፍርድ ቤት፣ የአየር ትንበያ ሄዷል። ሰዓት እንኳ ሳይቀር ሄዶ አሁን እያንዳንዱ ክልል ጊዜውን የሚቆጥረው ፀሐይ በራሱ ሰማይ ላይ በወጣችበት ነው።

ኢዮስያስ እኚህን ሰው ሁለት ጊዜ መርጧቸዋል፤ አልተጸጸተም። ከሱቁ ፊት ለፊት የነበረው ጉድጓድ ወደ ዋናው ከተማ የተላኩ አራት ማመልከቻዎችን በልቶ አልጠግብ ያለ ጉድጓድ ነበር። መንገድ ለክልል ከተሰጠ በኋላ ግን የመንገዱ ኃላፊ ራሱ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲመጣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባበት፤ በሁለተኛው ሳምንት ተደፈነ። ባለሥልጣኑ ማጅራቱን የምታውቀው ሰው ሲሆን ነገር እንዲህ ይቀላል።

«የጤናውንም እንደ ጉድጓዱ ያድርግልን» አሉ ርእሰ መምህሩ ከአረፋው ሥር።

«አሜን» አለ ኢዮስያስና ቀኙን ጉንጭ ጀመረ። መሃሉ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምነው?»

«ኅዳር አሥራ ስምንት» አለ ኢዮስያስ።

ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን ከሁለት ኩላሊቶቹ አንዱ ወንዝ ተሻግሮ እህቱ ሃሴት ሆድ ውስጥ ሊገባ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ቀጠሮውን የያዘው የማዕከሉ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በፊት ጀምሮ የለም።

ቆላሽ ወንዝ ሰፊ አይደለም። እዚህ ዳር ቆሞ እዚያ ዳር የተሰጣ ልብስ ቀለሙን መለየት ይቻላል። ኢዮስያስ የሚኖርበት ምሥራቁ ዳር አርባ ዋርካ ክልል ነው፤ ሃሴት የምትኖርበት ምዕራቡ ዳር ነጭ ድንጋይ ክልል። በሁለቱ መካከል ሃያ አምስት ደቂቃ አለ፤ የመንገድ ሳይሆን የሰዓት። የአርባ ዋርካ የዝናብ ትንበያ ወንዙ ጋ ያበቃል፤ ከማዶ ስለሚመጣ ደመና አንድም ነገር አይናገርም። ሰዉ ወደ ውጭ አይቶ ጃንጥላውን ይይዛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋና ደወለ።

«ጥሪዎ ክልል ሊሻገር ነው። ይስማማሉ?» አለው መስመሩ።

«እስማማለሁ።»

ማዶ ሃሴትም ይኸው ተጠየቀች። ሃሴት ከመስማማቷ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ ትቆያለች፤ እሱን ለማብሸቅ ነው።

«እስቲ ዛሬም ልስማማ» አለች በመጨረሻ። «ደህና ነህ ጋሼ?»

አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሱ በስምንት ዓመት ይበልጣታል። ነጭ ድንጋይ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ አላገባችም። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለት ጊዜ የተሠራ ኩላሊት ተገጥሞላት ሁለቱንም ጊዜ ሰውነቷ አልቀበልም ብሏል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን ማሽን ያጥብላታል፤ የክንዷ ደም ሥሮች እየተዘጉ በመሆናቸው ግን ከታኅሣሥ በኋላ ማሽኑም እንደማያዛልቃት ሐኪሟ ነግሯታል።

«ሰማሽ?» አላት።

«ሰማሁ። ደስ አላለህም? የመረጥካቸው ሰውዬ ናቸው እኮ።»

«ሃሴት!»

«እየቀለድኩ ነው። ሐኪሙ ደውሎልኛል። ቀጠሮው ተሰርዟል እንኳ አላለኝም። ‹የለም› አለኝ። ከፍተው ሲያዩት ገጹ ነጭ ነው አሉ።»

ክልል የተሻገረ ዝምታ ትንሽ ይንሿሿል።

«አንድ ነገር አደርጋለሁ» አላት።

«ምንም አታድርግ። ምሳህን ብላ።» ስልኩን ዘጋች።

ምሳውን አልበላም። የአርባ ዋርካ የጤና ቢሮ ከሱቁ ጀርባ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ እግሩ እዚያ ወሰደው። የቢሮው ኃላፊ ናታን ይባላል፤ ሠላሳ ዓመቱ ነው። የሕፃንነት ፀጉሩን መጀመሪያ የቆረጠለት ኢዮስያስ ነው። ለምን እንደመጣ ገና ሳይነገረው ናታን ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሽ ኢዮስያስ፣ ይቀመጡ» አለ። ሕጉን ገልጦ አላነበበም፤ በቃሉ ያውቀዋል። «የክልሉ ነዋሪ የሰውነት ክፍል ስምምነት ወደሌለን ክልል አይወጣም። ከነጭ ድንጋይ ጋር ስምምነት የለንም። ከሠላሳ ክልሎች ጋር ለየብቻ ነው የምንፈራረመው፤ የእነሱ ተራ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

«እሷ ወደዚህ ብትመጣስ?»

«በማሽን ላይ ያለ ሰው አዲስ ነዋሪ ተብሎ አይመዘገብም። ያሉን አሥራ ሁለት ማሽኖች ናቸው፤ በሽተኞቻችንም አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሦስተኛ ሰው ቢመጣ ማንን እናስነሣለን?» ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። አሥራ ሁለቱን ሰዎች በስም ያውቃቸዋል፤ ኢዮስያስም ስምንቱን ያውቃል።

«እኔ ወደዚያ ብሄድስ?»

ናታን መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገ፤ ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም። «ነዋሪነትዎን መልቀቅ ይኖርብዎታል። የለቀቀ ሰው ደግሞ ለሰባት ዓመት ተመልሶ አይመዘገብም። የፀጉር ቤቱ ፈቃድ የነዋሪ ነው፤ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ቤትዎም እንደዚያው።»

ሰባት ዓመት። ኢዮስያስ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሱቁን ከከፈተ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«ድሮ ቢሆን» አለ ናታን፣ «ማዕከሉ ነው የከለከለው እልዎትና አብሬዎት እራገም ነበር። አሁን ግን የምከለክልዎት እኔ ነኝ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እውነቴን ነው፣ ጥሩ አንቀጽ መስሎኝ ነበር።»

«ወረቀቱን አምጣልኝ።»

«ትንሽ ያስቡበት…»

«ናታንዬ፤ ወረቀቱን።»

የመልቀቂያው ቅጽ ሠላሳ ቀን ይፈጃል ይላል። ናታን መስመሩን አተኩሮ ሲያየው ቆየ። «ይህንንም እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለና ሠላሳውን ሰርዞ ሦስት አደረገው፤ ከጎኑ ፈረመ፤ ቀኑንም ጻፈ። ማንንም አላስፈቀደም። የሚያስፈቅደው ሰው አልነበረም።

በሦስቱ ቀናት ፀጉሩ የደረሰውም ያልደረሰውም ሰው መጣ። ባለፈው ሳምንት የተቆረጠ ሰው ሳይቀር ወንበሩ ላይ ወጥቶ «ጠርዙን ብቻ» ይል ነበር። በመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ሰው ናታን ነው። ኢዮስያስ በሁለት ጣቱ አገጩን ይዞ «ቀና በል» አለው፤ ናታን ቀና አለ፤ መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ወደ ሌላ አዩ። ሲጨርስ ኢዮስያስ ፎጣውን አራግፎ አጠፈውና ቁልፉን በናታን እጅ አስቀመጠው። ለሚቀጥለው ባለ ተራ እንዲሰጥለት።

ለሃሴት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በድልድዩ ማዶ ጫፍ ላይ የእጅ ሰዓቱ በራሱ ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ተመለሰ። የነጭ ድንጋይ የድልድይ ሹም ከሃያ ሰባት ዓመት የማትበልጥ ወጣት ናት፤ ደረቷ ላይ «አልጋነሽ» የሚል ተጽፏል። በዚያ ዘመን ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መያዝ ጀምረው ነበር፤ ኢዮስያስና ሃሴት የሚባሉት አሁን ሽማግሌዎቹ ናቸው።

«የሚያስገቡት ነገር አለ?» አለችው።

«ልብስ። መቀስ፣ ምላጭ፣ ማበጠሪያ።» ቆም አለ። መዋሸት አይሆንለትም። «ኩላሊት።»

አልጋነሽ ቀና ብላ አየችው። «ስንት?»

«ሁለት። አንዱን ለእህቴ ልሰጣት ነው።»

ቅጹን ወደ ታች ገፋችው፤ ቆመች፤ መልሳ ወደ ላይ ገፋችው። ሥጋ፣ ወተት፣ ዘር፣ ችግኝ፣ ደም፣ አካል። «አካል ያለ ምስክር ወረቀት አይገባም» አለች ለራሷ። ከዚያ በጣቷ አንዲት መስመር ላይ ቆመች። «‹በባለቤቱ ውስጥ ያለ› ግን ይገባል።» ምልክት አደረገችበት። ምልክት ካደረገች በኋላ ግን ፊቷ ጠቆረ። «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? አዲስ ነዋሪ ዘጠና ቀን ሳይሞላው አካሉን መስጠት አይችልም። ማንም አልነገረዎትም?»

ማንም አልነገረውም። በአርባ ዋርካ በኩል የሚያውቅ አልነበረም፤ የማዶ ሕግ እንደ ማዶ ደመና ነው።

አልጋነሽ የእሱን ፊት ባየች ጊዜ ማኅተሟን አስቀመጠች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ምክር ቤቱ ይቀመጣል። ማንኛውም ነዋሪ አምስት ደቂቃ መናገር ይችላል። እርስዎ ገና ዘጠና ቀን ስላልሞላዎት አይችሉም። እህትዎ ግን ይችላሉ።» ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፤ «ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሻንጣዎ ላይ ያለውን የአባት ስም አይቼ ነው ያወቅሁት።»

ሃሴት በሩን ከፍታ ወንድሟንም ሻንጣውንም አየች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ለመደመር ጊዜ አልፈጀባትም።

«ሱቁስ?»

«ተውኩት።»

«ቤቱስ?»

«እሱንም።»

በሩን አልዘጋችበትም፤ ግን ከፊቱም ዞር አላለችም። «ማን አድርግልኝ አለህ? እኔ ነኝ ያልኩህ? የአንተን ዕድሜ ነቅለህ እኔ ላይ ልትተክል ነው? አልፈልግም! ኩላሊትህንም አልፈልግም። ያለ ሱቅ የመጣ ኩላሊት አልፈልግም!» እንዲያ ብላ ስትጨርስ ከበሩ ዞር አለች፤ እሱም ሻንጣውን ይዞ ገባ።

ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። ሻይ አፍልታ በፊቱ ታስቀምጣለች። ማሽኑ ጋ ሄዳ ትመለሳለች። ስለ ማክሰኞው ሲነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ለራሴ ለምኜ አላውቅም» አለች፤ ያ ብቻ ነበር ንግግሯ።

ማክሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማና ገባ። ማበጠሪያዋ ነው። መርፌው የሚገባበት ክንዷ አብጦ ወደ ላይ አልነሣ ብሏታል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግማሹ የተበጠረ ግማሹ የተጠላለፈ ሽበቷን ይዛ ወለሉን ታያለች። ኢዮስያስ ማበጠሪያውን አነሣ። ከኋላዋ ተቀመጠ። እሷም አልከለከለችውም።

እናታቸው ስትሞት ሃሴት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እሱ አሥራ አራት። አባታቸው ጠዋት በጊዜ ሥራ ይወጣል። ሃሴትን ለትምህርት ቤት የሚያዘጋጃት እሱ ነው። መጀመሪያ ያበጠራት ቀን አልቅሳ ሰፈሩን ሰብስባለች። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቶቻቸውን ጠይቆ ሹሩባ መሥራት ተማረ፤ በወሩ የክፍሏ ልጆች ማን እንደሠራት ይጠይቋት ጀመር። አሁን ያ እጅ አርጅቷል፤ አካሄዱን ግን አልረሳም። ከግንባሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሠራት፤ ሲያማት ቆም፣ ሲሻላት ቀጠል እያደረገ።

«ጋሼ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ሱቁን ለምን ተውከው?»

«ሙያውን የት የተማርኩት ይመስልሻል?» አላት። «ራስሽ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ፀጉር ስቆርጥ የኖርኩት፣ አንቺ ሳታለቅሺ እንድትሄጂ ብዬ በተማርኩት እጅ ነው። እንግዲህ የማን ሱቅ ነበር?»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መሆኑን አውቆ መሥራቱን አላቆመም፤ ካቆመ ታፍራለች። የመጨረሻውን ጫፍ ቋጥሮ ሲለቃት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«አምስት ደቂቃ ነው ያልከኝ?»

«አምስት።»

«ይበቃል። ጫማዬን አቀብለኝ።»

የነጭ ድንጋይ ምክር ቤት የሚቀመጠው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። አባላቱ አሥራ ስምንት ናቸው፤ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ወይዘሮ ኬብሮን ደግሞ በመሃል ይቀመጣሉ፤ ድምፅ የሚሰጡት እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሴት ናቸው። ሃሴት ከመናገሯ በፊት ዘጠናው ቀን ለምን እንደመጣ ተናገሩ።

«ባለፈው ዓመት» አሉ፣ «አንድ ወጣት ከሌላ ክልል መጥቶ በአራተኛው ቀን ኩላሊቱን ሰጠ። ዘመድ ነኝ ብሎ ነው። ዘመድ አልነበረም፤ ተገዝቶ ነው። በቁስሉ ሞተ፤ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ስሙን እንኳ በትክክል አናውቀውም ነበር። ሕጉ በዚያ ልጅ መቃብር ላይ የተጻፈ ነው፤ እባካችሁ ይህን ይዛችሁ አድምጡ።»

ሃሴት ተነሣች። ወንበሩን ተደግፋ ቆመች።

«ሕጉ ጥሩ ነው» አለች። «እኔም ብሆን እጽፈው ነበር። ዘጠና ቀን የተባለው ሰጪው ማን እንደሆነ እንድታውቁት ነው። እኔ ይህን ሰው አምሳ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ። አምሳ ስምንት ዓመት ስንት ዘጠና ቀን ነው? እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁን አስተምሬያችኋለሁ፤ አስሉት።»

አባላቱ ተያዩ። ከኋላ ረድፍ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት።»

«ትርፉስ?»

«ሃያ ቀን፣ መምህር።»

«ጳጉሜን ስድስት የምትሆንባቸውን ዓመታት ረስተሃል፤ ዛሬም አትጠነቀቅም። ቢሆንም ትርፉን ለእናንተ ትቼዋለሁ።» ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይህ ሰው ድልድዩ ላይ ሲጠየቅ ኩላሊት ይዣለሁ ብሎ የተናገረ ሰው ነው። መደበቅ አያውቅም። ከእኔ ሌላ ሰው የለውም፤ እኔም ከእሱ ሌላ የለኝም። ጨረስኩ።» ከአምስቱ ደቂቃ ሁለቱ ቀርተዋል።

ወይዘሮ ኬብሮን ወደ ኢዮስያስ ዞሩ። «መናገር አይፈቀድልዎትም፤ እኔ ከጠየቅሁዎት ግን መመለስ ይችላሉ። ሰውነቷ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏል። ያንተንም እምቢ ቢልስ? ሱቅም የለ፣ ኩላሊትም የለ።» ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መሻገራቸውን ራሳቸውም አላስተዋሉትም።

ኢዮስያስ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ባይቀበለውም እኔ እህቴ ቤት ነኝ» አለ። «ብቻዋን አትሞትም።»

ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኝ ለዘጠኝ።

ወይዘሮ ኬብሮን ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ደግመው አነሡ። «ሕጉን አላፈርሰውም» አሉ። «ወንድምና እህት መሆናቸው በደም ይመርመር። ከሆኑ ዘጠናው ቀን ዘጠኝ ይሁንላቸው። ዘጠኙን ቀን ግን በየቀኑ ቤታቸው ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ማንም ሰው አስገድዶት ከሆነ፣ ማንም ገዝቶት ከሆነ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከእኔ ሊደብቀው አይችልም።»

ደሙ ወንድምና እህት ናቸው አለ። የክልሉ ርእሰ መስተዳድርም እንዳሉት መጡ። በመጀመሪያው ቀን ከበሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ማስታወሻ ይዘው ተቀመጡ፤ ሻይ እንኳ አልቀመሱም። በሁለተኛው ቀን ሃሴት ወንድሟ ሰሃን በደንብ አያጥብም ብላ ስትከራከረው ፈገግ አሉ። በአራተኛው ቀን ማስታወሻቸውን ረስተው መጡ። በስድስተኛው ቀን ኢዮስያስ ድንች ሲልጥ አይተው «ሥጋውን ጨረስከው እኮ» ብለው ቢላዋውን ተቀበሉት። በዘጠነኛው ቀን ማጅራታቸው ላይ የተንዠረገገችውን ፀጉር ኢዮስያስ ሊያስተካክልላቸው አስቦ፣ ፈቃድ እንደሌለው ትዝ ሲለው እጁን ሰበሰበ። እሳቸውም አዩት። ያን ሕግ ግን አልነኩትም።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው ኅዳር ሁለት ቀን ነው፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ አሥራ ስድስት ቀን ቀድሞ። ኢዮስያስ ሲነቃ ግራ ጎኑ እንደ እሳት ይፈጀዋል። አንገቱን አዙሮ የሚቀጥለውን አልጋ አየ። ሃሴት ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጉንጯ ግን ለሁለት ዓመት ያልነበረበትን መልክ ይዟል።

«ተቀበለችው?» አለ ለነርሷ።

«የተቀበለችው ይመስላል» አለች ነርሷ። «ትንሽ እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ሳምንት፣ ወር፣ ሦስት ወር። ሰውነቷ እምቢ አላለም።

ኢዮስያስ ጥር ላይ የነጭ ድንጋይን የፀጉር አስተካካይነት ፈተና የልጅ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ አለፈ፤ ባለ አንድ ወንበር ሱቅ ተሰጠው። እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር ይሄድና ወደ ማዶ ያያል። አዲሱ ባለ ተራ የሱቁን በር ቢጫ ቀብቶታል። ቢጫ ባይሆን ደስ ይለው ነበር። ሰባቱ ዓመት ሰባት ነው፤ ናታንም ሊያሳጥረው ቢሞክር የአርባ ዋርካ ምክር ቤት አይሆንም ብሎታል። ሃሴት ይህን ሰምታ ለሁለት ቀን ከፋት፤ ከዚያ የእሱን ልብስ የምትሰቅልበት ቁም ሣጥን ገዛች።

ናታን አንድ ነገር ግን ተሳክቶለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የነበረውን የነጭ ድንጋይ ተራ አንሥቶ ከሁሉም ፊት አመጣው። መጋቢት ላይ ሁለቱ ክልሎች አካልን ስለ መለገስ የመጀመሪያውን ስምምነት ሊፈራረሙ ድልድዩ መሃል ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ። በአንድ በኩል ናታንና ሰዎቹ፣ በሌላው በኩል ወይዘሮ ኬብሮንና ሰዎቻቸው ተቀመጡ። ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት ሰዓት። ከፕሬዝዳንቱ የተላከ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት በንባብ ተሰማ፤ ክልሎች ያለ ማዕከል እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ሕልማቸው እንደነበር ይናገራል። ከተጻፈው አንቀጽ ውስጥ አንዱ ወንድምና እህት፣ እናትና ልጅ ነዋሪነታቸውን ሳይለቁ መሰጣጣት ይችላሉ ይላል። ሃሴት በምስክርነት እንድትፈርም ተጋብዛለች፤ ኢዮስያስም ከጎኗ ቆሟል።

ናታን ፈረመ። ወይዘሮ ኬብሮን ፈረሙ። ብዕሩ ወደ ሃሴት ዞረ። ሃሴት ብዕሩን ተቀበለች፤ አስቀመጠችው፤ የወንድሟን እጅጌ ጎተተች።

«ጋሼ» አለችው በጆሮው። «ሽንቴ መጣ።»

ኩላሊቶቿ በቆሙባቸው ሁለት ዓመታት ሃሴት አንድ ቀን እንኳ ሽንቷ መጥቶ አያውቅም ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ልማዱ ጠፍቷት በሰዓት እየተነገራት ነበር የምትሄደው። ሰውነቷ በራሱ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አሁን?»

«አሁን!» ዓይኗ በርቷል። ቦርሳዋን እጁ ላይ ጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሁለቱ ክልሎች ባለሥልጣናት መካከል እየተጋፋች ወደ ሹሟ ክፍል ፈጠነች። አልጋነሽ ሮጣ በሩን ከፈተችላት።

ናታን ከመቀመጫው ብድግ አለ። ወይዘሮ ኬብሮን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሃሴት የሄደችበትን አዩ። የሥነ ሥርዓቱ መሪ ወደ ኢዮስያስ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ምን ሆነው ነው? እንቀጥል ወይስ እንጠብቅ?»

ኢዮስያስ የሴት ቦርሳ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጠብቁ!» አለ፣ በሁለቱም ዳር እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እህቴ ሽንት ቤት ሄዳለች!»